የዶክተር ኬልካር ዝምታ

ዶክተር ያሽዋንት ኬልካር ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነፍሳቸው ልትወጣ ስትል፣ እኛ የቀለም ፋብሪካ ኃላፊዎች ዙሪያቸውን ከበን ስለ ስሜታችን እንወያይ ነበር። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። እኔ ግን ነገሩ በተነሳ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ከመካከላችን አንድም ደደብ አልነበረም። ደደቦች ብንሆን ኖሮ ቶሎ እንነቃ ነበር።

ቦምቤይ አጠገብ ታኔ ያለው ፋብሪካችን ባለፈው ዓመት በአድማ ተዘግቶ ከርሟል። ባለቤቱ «የከዳኝ ሠራተኛው አይደለም፤ መሪ ነው ያጣሁት» ብለው ደመደሙና ኃላፊዎቻቸውን በሙሉ ማቴራን ተራራ ላይ ወዳለ አንድ የሥልጠና ቤት ለሳምንት ላኩን። እኔ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ስለሆንኩ ከቡድኑ ብቸኛዋ ሴት ነበርኩ። ማቴራን መኪና አይገባም። ከትንሿ ባቡር ወርደን፣ ሻንጣችንን ተሸካሚዎች ይዘውልን፣ ቀዩን ጭቃ እየረገጥን በእግራችን ወጣን። ያን ቀን ሁላችንም እንስቅ ነበር።

አሠልጣኛችን ዶክተር ኬልካር ነበሩ። ስለ ሰው የሥራ ቦታ ጠባይ በማጥናት ስም ያወጡ፣ የቦምቤይ ትልልቅ አለቆች ሳይቀሩ ሲያዩአቸው ክራቫታቸውን የሚያስተካክሉላቸው ሰው ናቸው። ራጋቫን የሚባል ከማድራስ የመጣ ወጣት ረዳት ነበራቸው። በዚያ ላይ ዶክተሩ በሥልጠናው መጨረሻ ለባለቤቱ አንድ ስም ሹክ ይላሉ፣ ያ ሰው ምክትል ሥራ አስኪያጅ ይሆናል የሚል ወሬ ተነዝቷል። እሳቸው ራሳቸው ሐሰት ነው ብለው አስተባበሉ፤ ስለዚህ ሁሉም አመነ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ወንበሮቹ በክብ ተደርድረው ጠበቁን። ጠረጴዛ የለም፣ ወረቀት የለም። ዶክተሩ ገቡ፣ ተቀመጡ፣ እግራቸውን አነባበሩና ወለሉን እያዩ ዝም አሉ። እኛም ዝም አልን። ዝምታው እየረዘመ ሲሄድ የምርት ክፍሉ ጃድሃቭ አላስችል አለው። ጃድሃቭና እኔ ፋብሪካው የገባነው በአንድ ወቅት ነው፤ ድምፁ ማሽን መሀል ስለኖረ ዝቅ ማለት አይችልበትም።

«ዶክተር፣ እንጀምር እንዴ?»

መልስ የለም።

«ጸሎት ላይ ይሆናሉ» ብለው አንሾካሾኩ የሂሳብ ክፍሉ ሽማግሌ፣ የፋርስ ዘር የሆኑት ባትሊዋላ፤ በአክብሮት ሳህብ እንላቸዋለን።

«ወይም ተኝተዋል» አለ ከሽያጭ ክፍል የመጣው ጂግኔሽ። በዕድሜ ከሁላችን ያንሳል፤ ምላሱ ግን ማንንም አይምርም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ዶክተሩ ቀና ሳይሉ «ቡድኑ አባት ይፈልጋል» አሉና እንደገና ዝም አሉ። በቃ፣ አሠራራቸው ይኸው ነበር። እዚያ ክብ ውስጥ ማናችንንም በስም አይጠሩም፤ ለእሳቸው እኛ «ቡድኑ» ነን። የጠዋቱ ጉባኤ ሦስት ሰዓት ላይ ይጀመራል፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል፤ ሰው በዓረፍተ ነገር መሀል ላይ ቢሆን እንኳ ተነስተው ይወጣሉ።

ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ሰሌዳ ፊት ቆመው ስለ መሪነት ሲያስተምሩን ያስቁናል። «ድሮ መሪ ይወለዳል ብለው ቁመቱን፣ አገጩን፣ የድምፁን ውፍረት ይለኩ ነበር» ሲሉ ጃድሃቭ ሳይታወቀው አገጩን ቀና አደረገ። «ቀጥሎ ደግሞ፣ መወለዱ ቀርቶ ሥራው ነው አሉ፤ አንዱ መሪ ሥራውን ያያል፣ ሌላው ሰዉን ያያል። ከዚያ በኋላ የመጡት ደግሞ፣ ቦታውና ጊዜው ነው የሚወስነው አሉ። እኔ መሪውን ማየት ትቻለሁ። የማየው ተመሪዎቹን ነው። ሰው ሲሰበሰብ ይፈራል፣ ሲፈራ አንዱን ይሾማል፣ የሾመው ካላዳነው ይበላዋል።» እውነቱን ለመናገር ይህን ትምህርታቸውን ወደድኩት። ያለፈውን ዓመት አድማ በዚያ ዓይን ሳየው ብዙ ነገር ተገለጠልኝ።

በማግስቱ ጉባኤ ላይ ዶክተሩን ሳል ያዛቸው። ባትሊዋላ ሳህብ አዛኝ ሰው ናቸው፣ ተነስተው አንድ ብርጭቆ ውሃ አመጡላቸው። ዶክተሩ ብርጭቆውን አዩት፣ አልነኩትም።

«ቡድኑ መሪውን ማስታመም ፈልጓል» አሉ። «የታመመ መሪ አይቆጣም።»

ሽማግሌው ውሃውን ይዘው ተመለሱና ጉባኤው እስኪያልቅ ብርጭቆውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ቆዩ። ማስቀመጫ እንኳ አላገኙለትም። ከዚያ ወዲያ ለዶክተሩ ማንም ምንም ነገር አላቀረበላቸውም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቁርስ በረንዳ ላይ ቀርቦ ነበር። ዶክተሩ ሳህናቸውን ከመንካታቸው በፊት ወደ ክፍላቸው ገባ ብለው ሲመለሱ አንዲት ጦጣ ሳህኑን ይዛ አጥሩ ላይ ወጥታለች። ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ። ምግብ አብሳዩ «ሌላ ልሥራልዎት?» ሲላቸው ሰዓታቸውን አዩ። ሦስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

«አይ፣ ጉባኤው ይቀድማል» አሉና ሄዱ።

እኛ ያላወቅነው፣ ወደ ክፍላቸው የገቡት መርፌያቸውን ሊወጉ እንደነበር ነው። ስኳር አለባቸው። ኢንሱሊን ተወግቶ ያልበላ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ያልበዋል፣ ቀጥሎ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይዘባርቃል፣ ከዚያ ይወድቃል፤ የሚደርስለት ካጣ ይሞታል። አባቴ በዚሁ ሕመም ሁለት ጊዜ ከእጄ ላይ ሊያመልጥ ስለነበር ይህን ከማንም አልተማርኩትም። ዶክተር ኬልካር ግን ሕመማቸውን ለሠልጣኝ የሚናገሩ ሰው አልነበሩም። አሠልጣኝ ስለ ራሱ አይናገርም፤ ሕጋቸው ነው።

የዚያን ጠዋት ጉባኤ በጠብ ነው የተጀመረው። ጂግኔሽ ጃድሃቭን «አንተ ዝም ብትል ይህ ቡድን ይተነፍስ ነበር» አለው።

«እኔ ዝም ብል ይህ ቡድን እስካሁን መስኮት ይከፈት አይከፈት እያለ ይነታረክ ነበር» አለ ጃድሃቭ። «አንድ ሰው መምራት አለበት።»

«መርጠንሃል እንዴ?»

«ማሽን ሲቆም ምርጫ አይጠራም፣ ጂግኔሽ ወንድሜ።»

እኔ ከዶክተሩ ፊት ለፊት ነበርኩ። ክርክሩን እየሰማሁ ሳለ ዓይኔ የሸሚዛቸው ኮሌታ ላይ አረፈ። ርሷል። ዝናቡ ገና ከተራራው መውጣቱ ስለነበር ጠዋቱ ይበርዳል፤ ባትሊዋላ ሳህብ ሹራብ ደርበዋል፣ እኔ ሻሌን ተከናንቤያለሁ። እሳቸው ግን ላቡ ከጆሯቸው ሥር እየወረደ ነው።

«ዶክተር፣ ደህና ነዎት?» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። አዩኝ ልበል እንጂ ዓይናቸው እኔ ላይ አልቆመም። ግድግዳ እንደሚያይ ሰው ነበሩ።

«ናሊኒ፣ እየተናገርኩ እኮ ነው» አለ ጃድሃቭ።

«ሰምቼሃለሁ። እስቲ እሳቸውን እያቸው፤ በላብ ተጠምቀዋል።»

ጂግኔሽ ወደ ወንበሩ ጫፍ ጠጋ አለ። አንድ ነገር የገባው ሲመስለው እንዲያ ያደርጋል። «አያችሁ? እኔና ጃድሃቭ ሳህብ ስንጣላ ናሊኒ ታይ አልቻለችም። ወደ አባት ሮጠች።» ታይ የሚለኝ እህትዬ ማለቱ ነው፤ ያን ጊዜ ግን እንደ ስድብ ነው የሰማሁት።

«ምን አባት ትለኛለህ! ሰውዬው ታመዋል ነው የምልህ።»

«እንዲታመሙ ለምን ፈለግሽ?» አለ ሌላው፣ የመጋዘኑ ኃላፊ፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ። ያ ሰው በፋብሪካው ውስጥ ተላላኪዎችን በፉጨት ነው የሚጠራው። ሁለት ቀን ሠለጠነና እንዲህ ለሰለሰ።

«ልጄ» አሉኝ ባትሊዋላ ሳህብ፣ «ትናንት ውሃ አምጥቼ የሆንኩትን አይተሻል። ተይው።»

ተውኩት። ዓይኔን ግን አልነቀልኩም። የዶክተሩ ቀኝ እጅ ጉልበታቸው ላይ እንዳለ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ጣታቸው፣ ከዚያ እስከ አንጓቸው። ይኼኔ ሁሉም አየው። እፎይ ልል ነበር።

ጃድሃቭ በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ዝግ ያለ ድምፅ ተናገረ። «እጃቸውን እዩ። ይህ የእሳቸው መንቀጥቀጥ አይደለም። የእኛ ነው። ትናንት ለብቻቸው ጠይቄያቸው ነግረውኛል። እዚያ ወንበር ላይ ሆነው ሰውነታቸው የሚሰማው ሁሉ ከቡድኑ ነው የሚመጣው። እኛ የደበቅነውን ፍርሃት እሳቸው ተሸክመውልን ነው።»

«አቤት!» አለ የመጋዘኑ ሰውዬ።

ክፍሉ ቤተ መቅደስ መሰለ። ሁሉም እጃቸውን በአክብሮት ያያል። እኔም ለአፍታ አመነታሁ፤ ይህን ያህል ሰው አንድ ነገር ሲያምን ብቻን አለማመን ቀላል አይደለም። ደግሞ ጃድሃቭ አልዋሸም። ዶክተሩ በትክክል እንዲያ እንደሚያምኑ ኋላ አረጋግጫለሁ።

ወደ ራጋቫን ዞርኩ። በሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ዓይኑ የዶክተሩ እጅ ላይ ተተክሏል።

«ራጋቫን፣ አንተ እንኳ ተናገር!»

ወለሉን እያየ «ቡድኑ አስታማሚ አገኘ» አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ። በሽተኛዋ እኔ ሆንኩ። ምን ብናገር መልሰው በእኔው ላይ ይተረጉሙታል። ብጮህ ጩኸቴ ይተረጎማል፣ ዝም ብል ዝምታዬ ይተረጎማል። መውጫ የለውም።

በዚህ መሀል ዶክተሩ አፋቸውን ከፈቱ።

«ባቡሩን…» አሉ።

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ።

«ባቡሩን ዝጉት። እርጥብ ነው።»

ምላሳቸው ተሳስሯል። አባቴ ራሱን ሊስት ሲል እኔን «መሰላሉን አጥቢው» ያለኝ በዚህ ድምፅ ነው። እነሱ ግን የሰሙት ሌላ ነገር ነው። ሦስት ቀን ሙሉ የጠበቁት ቃል መጣላቸው።

«ባቡሩ ድርጅቱ ነው» አለ ጂግኔሽ ወዲያው።

«አይደለም፣ ክርክራችን ነው» አለ ጃድሃቭ። «አንዱ ፉርጎ ሌላውን እየጎተተ… ዝጉት እያሉን ነው።»

«እርጥብ ያሉትስ?»

«እርጥብ…» አሉ ባትሊዋላ ሳህብ። «እንባ ይሆን? በአድማው ጊዜ እነዚያን ሰዎች ስናባርር ማናችንም አላለቀስንም። የስንብት ደብዳቤውን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ልጆቻቸውን በስም አውቃቸዋለሁ።» ይህን ብለው ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁና አለቀሱ። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ አለቀሱ።

እንባው የእውነት እንባ ነበር። ነገሩን የከበደ ያደረገውም ይኸው ነው። ዓመት ሙሉ ፋብሪካው ውስጥ ማንም ያልተናገረው ነገር እዚያ ወጣ፤ ጂግኔሽ እንኳ ዓይኑ ቀላ። ሁሉም ወደ ባትሊዋላ ሳህብ አዘንብሏል። ከእነሱ ጀርባ የዶክተር ኬልካር አገጭ ቀስ ብሎ ወደ ደረታቸው ወረደ፣ ከከንፈራቸው ዳር ምራቅ ተንጠባጠበ።

ተነሳሁ። ክቡን ማቋረጥ ነውር ነው፤ እስከዚያ ቀን ማንም አላቋረጠውም። ጃድሃቭ ክንዴን ያዘኝ።

«ተቀመጪ፣ ናሊኒ። ባትሊዋላ ሳህብ እያለቀሱ ነው። ሰው ይህን ዕድል ስንት ጊዜ ያገኘዋል? አታበላሺብን።»

«ልቀቀኝ።»

«ተቀመጪ አልኩ እኮ!»

ቧንቧ ሲያጠብቅ የኖረ እጅ ነው፤ ታግዬ የማስለቅቀው አልነበረም። በሌላው እጄ በጥፊ አጮልኩት።

«ይህንንም ተርጉመው!» አልኩት።

ከድንጋጤው ለቀቀኝ። በሁለት እርምጃ ዶክተሩ ዘንድ ደረስኩ። ግንባራቸውን ስነካው እንደ እንስራ ይቀዘቅዛል፣ እርጥብ ነው። ጠራኋቸው፣ አልሰሙም። ዓይናቸውን ገልጬ አየሁ፤ ነጩ ነው የሚታየው።

«ስኳር! ስኳር ያለው ነገር አምጡ! ቶሎ!»

ማንም አልተነሳም። እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሟችሁ ያውቃል? ስትጮሁ ሰዎች ተቀምጠው፣ እጃቸውን አጣጥፈው፣ በጥሞና ያዩአችኋል። አንደኛው ጭራሽ «ይህም የሥልጠናው ክፍል ነው እንዴ?» ብሎ ራጋቫንን ጠየቀው።

«ራጋቫን!» አልኩ። «ስኳር አለባቸው ወይስ የለባቸውም?»

«ቡድኑ…» አለ ራጋቫን።

«ቡድኑ ገደል ይግባ! አለባቸው?»

አንድ ነገር የተሰበረበት ይመስል ፊቱ ተጨማደደ። «አለባቸው። ጠዋት ተወግተዋል። ቁርሳቸውን… ጦጣዋ…» ማልቀስ ጀመረ። ከጅምሩ ሲያውቅ ነበር። ሰውዬው ሲያልባቸው፣ ሲንቀጠቀጡ፣ ስለ ባቡር ሲዘባርቁ እያወቀ ነው የተቀመጠው፤ ከቦታህ አትነሳ ብለው ያስተማሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

የዚያን ጊዜ ነው ክቡ የፈረሰው። ወንበር ወደቀ። ጂግኔሽ ወደ ማዕድ ቤት ሮጠና ባዶ እጁን ተመለሰ። «ተቆልፏል! አብሳዩ ገበያ ወርዷል!» እዚያ አገር ለጦጣ ተብሎ የማይቆለፍ ነገር የለም። ቁልፉም ከአብሳዩ ጋር ነው።

«ማር አለኝ» አሉ ባትሊዋላ ሳህብ እንባቸው ሳይደርቅ። «ለባለቤቴ የገዛሁት… ክፍሌ ውስጥ፣ አልጋው ሥር።»

«ቁልፉን ይስጡት!»

ሽማግሌው የሹራባቸውን ኪስ፣ የኮታቸውን ኪስ፣ የሱሪያቸውን ኪስ ይዳብሳሉ። መሀረብ ወጣ፣ የመነጽር ማኅደር ወጣ፣ የባቡር ትኬት ወጣ። ጂግኔሽ እጁን ዘርግቶ ባለበት ይዘላል። እኔ የዶክተሩን ጭንቅላት ደረቴ ላይ አስደግፌ ትንፋሻቸውን አዳምጣለሁ። ያንኮራፋሉ፣ ያቆማሉ፣ እንደገና ያንኮራፋሉ። በቆመ ቁጥር የእኔም ይቆማል። በመጨረሻ ቁልፉ ተገኘ፣ ጂግኔሽ ተፈተለከ።

ጃድሃቭ ጉንጩ ላይ የጣቶቼ ምልክት እንዳለ መሀል ክፍሉ ላይ ቆሞ ማዘዝ ጀመረ። «አንተ፣ ሐኪም ቤት ሩጥ! ፈረስ ያዝ፣ በእግርህ አትሂድ! አንተ መስኮቱን ክፈት! ምንጣፉን ዘርጋ! እግራቸውን ያዙ፣ እናውርዳቸው!» ሁሉም እንደ አንድ ሰው ታዘዘ። ምስጋና አልነፍገውም፤ ሐኪሙ ያን ያህል ቶሎ የመጣው በእሱ ጩኸት ነው። ወዲያው ግን ብርጭቆ ይዞ ውሃ ወደ ዶክተሩ አፍ ሊያንቆረቁር መጣ።

«ትገድላቸዋለህ! ራሱን የሳተ ሰው አይውጥም!»

«እና ምን ላድርግ?»

«በጎን አስተኛቸው። ያዛቸው። ዝም በል።»

ያዛቸው። ዝም አለ።

ማሩ መጣ። ክዳኑ እምቢ ሲል ጂግኔሽ በጥርሱ ነቀለው። ጣቴን ነክሬ ከከንፈራቸው ውስጥ፣ ድዳቸው ላይ ቀባሁ። ደግሜ ነከርኩ፣ ቀባሁ። ምንም የለም። ፊታቸው ሰም መስሏል። «ይዋጡ እንጂ ዶክተር፣ ይዋጡ» እላለሁ፤ አባቴን የምለማመጥበት ልማዴ መጣብኝና ሳላውቀው «አባባ፣ እምቢ አይበሉኝ» ማለት ጀመርኩ። ጂግኔሽ ሰምቷል። ያን ጊዜ አልተረጎመውም፣ ጠርሙሱን ብቻ አቀረበልኝ። ራጋቫን እግራቸው ሥር ተንበርክኮ ጫማቸውን ያሻል። ጫማ ማሸት ምን ይጠቅማል? ግን ተውኩት።

ድንገት ጥርሳቸው ጣቴ ላይ ገጠመ። ነከሱኝ፣ በደንብ ነከሱኝ። ደስ ብሎኝ ጮኽኩ። ጉሮሯቸው ተንቀሳቀሰ። ትንሽ ቆይቶ ላሱ። ከዚያ ዓይናቸው ከላይ ወረደና፣ መጀመሪያ ጣሪያውን፣ ቀጥሎ የጃድሃቭን ጉንጭ፣ ቀጥሎ እኔን አየ። አሁን ዓይናቸው እኔ ላይ ቆመ።

ሐኪሙ በፈረስ ሲደርስ ዶክተሩ ግድግዳ ተደግፈው ስኳር የበዛበት ሻይ ይጠጡ ነበር፤ አብሳዩም እስከዚያው ተመልሷል። ሐኪሙ ደማቸውን መረመረ፣ በደም ሥራቸው መድኃኒት ሰጠ፣ ወደ እኛ ዞሮ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ሬሳ ነበር የምትሰጡኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆኑት?» አለ። ጂግኔሽ የመስኮቱን መዝጊያ ይመረምር ጀመር።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉ ዶክተሩ።

«አምስት ሊሆን ነው» አለ ራጋቫን። «ጉባኤው አልፏል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ናሊኒ» አሉኝ። ስሜን ማወቃቸው ራሱ አስደነገጠኝ። «ሰምቼሽ ነበር። ታመዋል ስትዪ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ? አንድ ቃል ቢናገሩ እኮ…» አሁን ነበር ንዴቱ የመጣብኝ።

«እኔም የእናንተ መስሎኝ» አሉ።

ሻያቸውን ወለሉ ላይ አስቀመጡ።

«ላቡ ሲመጣ፣ ምን አስፈርቷቸው ነው አልኩ። እጄ ሲንቀጠቀጥ፣ መልካም፣ ሥራው ተጀመረ አልኩ። ዓይኔ ሲጨልም፣ የሚደብቁኝ ነገር አለ ማለት ነው አልኩ። ኪሴ ውስጥ ከረሜላ ነበረኝ፣ ሁልጊዜ አይጠፋኝም። እጄን ወደ ኪሴ ልሰድ ብዬ፣ አይ፣ ይህ ረሃብ የማን ነው ብዬ ተውኩት። እንዲህ ግልጽ ሆኖልኝ አያውቅም ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ናሊኒ። እየሞትኩ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ራጋቫን እጁን ወደ ዶክተሩ ኮት ኪስ ሰደደና ሦስት ከረሜላ አወጣ። መዳፉ ላይ አድርጎ ሲያያቸው ቆየ። እኔም አየኋቸው። ማዕድ ቤቱን፣ ቁልፉን፣ አልጋ ሥር ያለውን ማር ስንፈልግ፣ ከጉልበቴ አጠገብ ነበሩ።

ጃድሃቭ ጉሮሮውን ጠራረገ። እሱም ሰው ነው፣ የምክትል ሥራ አስኪያጅነቱ ወሬ ከልቡ አልወጣለትም። «እና ዶክተር… እንዲያው ለትምህርቱ ያህል… ከሁላችን ዛሬ የመራው ማን ነበር?»

አሁን ሳስበው ጥያቄው ሞኝ አልነበረም። በዚያች ሰዓት ማን መራ? የጮኸው? ማሩን የሰጠው? ያጮለችው? ዶክተሩ ወደ እሱ ዞሩ። ልማድ ነውና ፊታቸው ያን የጉባኤ መልኩን ሊይዝ ጀመረ፣ ከንፈራቸው «ቡ…» ብሎ ተከፈተ።

ከዚያ ተዉት። እጃቸውን ዘርግተው የእኔን እጅ ያዙና፣ ልጅ እንኳ በማይናገርበት ቀጭን ድምፅ «ፈርቻለሁ» አሉ።

አጠገባቸው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። የማን ፍርሃት ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።